የአስካለን ድንጋይ ለማየት እስከ ጀሞ

ማክሰኞ

በደላንታ ምድር፣ ድንጋይ ከጓሮ እስከ ገደል በሞላበት አገር እየኖርኩ፣ አንዲት ድንጋይ ለማየት አዲስ አበባ ድረስ መሄዴን የሰማ ሁሉ ስቆብኛል። ወገል ጤና መናኸሪያ ያገኘኝ ጎረቤቴ፣ "ይማም፣ እነሱ ድንጋዩን በገልባጭ መኪና እያስገለበጡ ኮንዶሚኒየም ሠርተውበት ጨርሰዋል፤ ምን ተርፏቸው ነው?" አለኝ። አብሬው ሳቅኩ። ሰው ሲስቅብህ አብረህ ከሳቅክ ምን ልትገዛ እንደምትሄድ አይጠይቅህም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጌታሁን የሚባል ጓደኛ ነበረኝ። ኦፓል የሚባለውን የከበረ ድንጋይ ለመቆፈር ዋሻ አብረን ገብተናል፤ ኋላ እኔ ነጋዴ ስሆን እሱ ድንጋይ ሞራጅ ሆነ። ሚስት ያገባው አዲስ አበባ ነው። አስካለ ትባላለች፣ ልብስ ሰፊ ናት፤ ወላጆቿ ከጉራጌ የመጡ፣ እሷ እዚያው ከተማ ተወልዳ ያደገች። ጌታሁን ከእሷ ዘንድ ወደ እኛ ሲመለስ መኪና ተገልብጦበት ሞተ። ይኸው ዓመታት አልፈው ባለፈው ሰሞን ልጁ ሜሮን በቴሌግራም ፎቶ ላከችልኝ። ባቄላ የምታክል፣ አንድ ፊቷ ጎበጥ ተደርጎ የተሞረደች፣ እንደ መስኮት መስታወት የጠራች ድንጋይ።

"ጋሼ፣ አባባ ለእማዬ የሰጣት ናት" ይላል ጽሑፉ። "ጎረቤቶቻችን አልማዝ ነው ይላሉ። የአባባ ዘመዶች የጠርሙስ ስባሪ ነው ይላሉ። ላፍቶ ያለ ወርቅ ሠሪ ደግሞ በኦቨርሎክ ልለውጣችሁ ብሏል። እስከ ቅዳሜ መልስ ይፈልጋል።"

ኦቨርሎክ የጨርቅ ጠርዝ እንዳይተረተር የሚቋጨው ማሽን ነው። አስካለ እሱ ስለሌላት የሰፋችውን ሁሉ ተሸክማ ጠርዙን ሌላ ሰው ዘንድ ታስመታለች፤ ደንበኞቿም እዚያው ይቀራሉ። አልማዝ ከሆነች በማሽን መለወጥ እብደት ነው። ጠርሙስ ከሆነች ደግሞ ወርቅ ሠሪው ሳይነቃ ቶሎ መለወጥ ነው። ይህን ለመወሰን ደግሞ ድንጋይ በስልክ አይታይም። እጅ ላይ መቀመጥ አለበት።

የደሴን መንገድ ለምታውቁት አልተርክም። ገደሉን ወርደን፣ ወንዙን ተሻግረን፣ ዳገቱ ወገብ ላይ ጎማ ፈነዳ። ሾፌሩ መለዋወጫው ጎማም የፈነዳ መሆኑን ያወቀው ካወረደው በኋላ ነው። ደሴ ስንደርስ መሽቶ ነበር። አንድ ፔንሲዮን አደርኩ፤ አንሶላው ንጹሕ፣ በሩ ግን የማይዘጋ። ወንበር አስደግፌ ተኛሁ።

ረቡዕ

አውቶቡሱ ሸዋ ሮቢት ላይ ለምሳ ሲያቆም ሙቀቱ እንደ ዳቦ መጋገሪያ ተቀበለን። ደላንታ ጋቢ ለብሶ የወጣ ሰው እዚህ ሲደርስ የት እንደሚያስቀምጠው ይጨንቀዋል። ከጎኔ የተቀመጠች ሴት ፓፓያ ገዝታ ግማሹን ቆርጣ ሰጠችኝ። አላውቃትም፣ ስሟንም አልጠየቅኩም።

ጣርማ በር ዋሻ ውስጥ ስንገባ በልቤ ሳቅኩ። እኛ አገር ዋሻ ማለት በሆድህ የምትሳብበት፣ ሻማው ሲጠፋ እናትህን የምትጠራበት ነው። ይኸኛው አውቶቡስና ከባድ መኪና ጎን ለጎን ያሳልፋል። ይህን ያህል ተራራ ተቦርቡሮ አንዲት ኦፓል አለመውጣቷ ግን ያሳዝናል።

አዲስ አበባ ገብቼ፣ ሜክሲኮ ደርሼ፣ "ጀሞ! ጀሞ! ሁለት ሰው ጀሞ!" የሚል ረዳት አገኘሁና ተሳፈርኩ። ነጋዴ ነኝ ብዬ ማንንም ሳልጠይቅ መጨረሻው ላይ ወረድኩ። ለካ ጀሞ አንድም፣ ሁለትም፣ ሦስትም አለው። አስካለ ያለችው ጀሞ አንድ፣ እኔ የወረድኩት ጀሞ ሦስት። ሕንጻው ሁሉ አንድ ዓይነት ነው፤ እኛ ዘንድ እንደሚባለው የእገሌ ዋርካ፣ የእገሌ አጥር ብለህ የምትይዘው ምልክት የለም። ሜሮን ስልክ ደወልኩላት።

"ጋሼ፣ ምን ይታይዎታል?"

"ኮንዶሚኒየም።"

"እሱማ ለሁላችንም ይታየናል! እዚያው ይቁሙ፣ መጣሁ።"

መጥታ ወሰደችኝ። ሂሳብ ሠራተኛ ናት፣ የአባቷ ግንባር፣ የእናቷ ምላስ። ቤታቸው አራተኛ ፎቅ ነው። ወገል ጤና ዳገት ለምጃለሁ ብዬ ሻንጣዬን አልሰጥም አልኳት፤ ሦስተኛው ፎቅ ላይ ሰጠኋት።

አስካለ በሩ ላይ ጠበቀችኝ። እራት ክትፎ ነበር። ገና እጄን ሳልታጠብ፣ "ጋሽ ይማም፣ ሥጋው ከእስላም ሥጋ ቤት ነው፤ ሜሮን ናት ሄዳ ያመጣችው። ድስቱም ቢላውም አዲስ ነው" አለችኝ። ለአንድ እንግዳ አዲስ ድስት! አብሮ የቀረበው ቆጮ ግን ፈተና ነበር። እንጀራ መስሎኝ ጠቅልዬ ጎረስኩ፤ አፌ ውስጥ እያኘክሁት ሰፈሩ ሁሉ ተኛ። አስካለ እየሳቀች በትንሹ እየቆረሱ እንደሚበላ አሳየችኝ።

ሐሙስ

ጠዋት ድንጋይዋን በነጭ ጨርቅ ላይ አድርጋ አቀረበችልኝ።

መጀመሪያ ያየሁት አልማዝ አለመሆኗን ነው። አልማዝ በብዙ ፊት ይቆረጣል እንጂ እንደ ባቄላ ጎበጥ ተደርጎ አይሞረድም። ደግሞም ጋዜጣ ላይ ባስቀምጣት ፊደሉ በግልጽ ተነበበ፤ አልማዝ ብርሃኑን ወደ አንተ ይመልሳል እንጂ ከሥሩ ያለውን አያስነብብም። በማጉያ መነጽር ውስጧን አየሁ፤ ጠርሙስ የሚይዘው ዓይነት የአየር ፊኛ የለም። ቀጥዬ የደላንታ ነጋዴ ሁሉ የሚያደርገውን አደረግኩ፤ ምላሴ ላይ አስቀመጥኳት። የእኛ ኦፓል ውሃ ጠጪ ነው። ደረቅ ከሆነ ምላስህን ይስባል፣ ተጣብቆ ይቀራል። ይህች ግን እንደ ከረሜላ ተንሸራተተች።

"ኦፓል አይደለችም" አልኩ፣ ሐኪም እንደሚናገረው ተዝናንቼ። "አልማዝም አይደለችም። ጠርሙስም አልመሰለችኝም።"

"ታዲያ ምንድን ናት?" አለች አስካለ።

እዚህ ላይ ሐኪሙ ማጉያ መነጽሩን መወልወል ጀመረ።

ሜሮን ለቡ አንዲት ድንጋይ ቆራጭ እንዳለች አጠያይቃ ነበርና አስካለን ሱቋ ትተን ወደዚያው ሄድን። ለቡ ግማሹ ቤት፣ ግማሹ የብረት ዘንግ ነው፤ የሲሚንቶ ሚክሰሩ ሲጮህ ሰው በእጁ ይነጋገራል። ቆራጯ ራሄል ትባላለች፤ የተማረች፣ ረጋ ያለች፣ መሣሪያዎቿን እንደ ሕፃን በጨርቅ የምትጠቀልል። አልማዝን የሚለይ እስክሪብቶ መሳይ ነገር ድንጋይዋ ላይ አስነካች፤ ለአልማዝ የሚጮኸው መሣሪያ አልጮኸም። ከዚያ በአየር መዘነቻት፣ ቀጥላ በክር አንጠልጥላ ውሃ ውስጥ መዘነቻት።

"ቶፓዝ የሚሉት የከበረ ድንጋይ አይደለችም፤ በጣም ቀላል ናት። ኳርትዝም አይደለችም" አለች። ብርሃን ሲያልፍ ምን ያህል እንደሚታጠፍ በሚለካው መሣሪያ ደግሞ አይታ ቀና አለች። "አባቴ፣ ከየት ነው የመጡት?"

"ከደላንታ።"

"ይህች የአገርዎ ልጅ ናት። ኦፓል ናት።"

ሜሮን አፏን በእጇ ያዘች። እኔ ኦፓል ነጋዴው፣ በኦፓል እንጀራ ልጆቼን ያሳደግኩት ሰውዬ፣ ኦፓል ለማወቅ ለቡ መጣሁ።

"ምላሴን አልሳበችም" አልኩ።

"ውሃ ውስጥ ነበረች?"

"በጨርቅ ነው የተቀበልኳት" አልኩ በኩራት። እውነት ነበር፤ ግን ባለቤቷን አልጠየቅኩም።

"እንግዲያው ቀለም የሌላት፣ ጥርት ያለች ኦፓል ናት። ቀለም የሌለው ኦፓል ዋጋው ምን እንደሆነ ከኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል።"

አውቃለሁ። ከሸሚዝ ቁልፍ ብዙም አይበልጥም። ኦፓል የሚሸጠው ስታዘዋውረው ውስጡ በሚጫወተው ቀለም ነው፤ አረንጓዴ ከሆነ ጥሩ፣ ቀይ ካለበት የበለጠ ጥሩ። ለአስካለ ማታውኑ ነገርኳት፦ "ኦቨርሎኩን ተቀበይ።"

"እሺ" አለች። ተነሥታ ከቁም ሣጥኑ ጥግ ትንሽ ክዳን ያለው ብልቃጥ አወጣች። ውስጡ ውሃ ነበረ። ድንጋይዋን ልትከትበት ስትል እጇን ያዝኩት።

"ይህ ምንድን ነው?"

"ቤቷ ነዋ። ጌታሁን የሰጠኝ እንዲህ ውሃ ውስጥ አድርጎ ነው። 'እስክመለስ እንዳታወጫት፤ ስመጣ እኔው አውጥቼ አሳይሻለሁ' አለኝ።" ብልቃጡን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። "አልተመለሰም። ውሃው ሲጎድል ከሀና ማርያም ጸበል እየጨመርኩ አቆየኋት።"

"ታዲያ ጠዋት ለምን አልነገርሽኝም?"

"እርስዎ እስላም ነዎት። ከጸበል የወጣ ነገር ሳልናገር እጅዎ ላይ ላስቀምጥ? ብዬ በንጹሕ ውሃ አጥቤ፣ በነጭ ጨርቅ ጠርጌ አቀረብኩልዎ።"

"እኔ ደግሞ ምላሴ ላይ አደረግኳት!"

"በቃ ጋሼ፣ ተጠመቁ!" አለች ሜሮን፤ ሦስታችንም እስኪያመን ሳቅን። የአክስቶቼ ልጆች እሑድ ቅዳሴ፣ እኔ ዓርብ ጁምዓ እየሄድን በአንድ ግቢ ያደግን ነን፤ አስካለ ይህን ብታውቅ ኖሮ አንድ ቀን ባተረፍን።

ሳቁ ሲያልቅ ጉዳዩን አስረዳኋቸው። የእኛ ኦፓል ውሃ ሲጠጣ ቀለሙ ይደበቃል፣ እንደ መስታወት ይጠራል። ሲደርቅ ቀለም ካለው ይመለሳል። ከሌለው ደግሞ የለውም። ጌታሁን ውሃ ውስጥ የከተታት በፍጥነት ደርቃ እንዳትሰነጠቅ፣ ራሱ ቀስ አድርጎ ሊያደርቃት ብሎ ነው። እኛ ብናደርቃት ግን ልትሰነጠቅ ትችላለች፤ የተሰነጠቀችን ድንጋይ ደግሞ ወርቅ ሠሪው አይነካትም፣ ኦቨርሎኩም ይቀራል።

አስካለ ብልቃጡን ከፍ አድርጋ በመብራቱ አየችው። "አሳይሻለሁ ነው ያለኝ" አለች። "ትድረቅ።"

ፀሐይም ምድጃም እንዳይነካት ጠቅልዬ መሳቢያ ውስጥ አስቀመጥኳት።

ዓርብ

መጠበቅ ብቻ ነው። ጁምዓ ሰግጄ ስመለስ የአስካለን ሱቅ አየሁ። ኮንቴይነር ናት፤ በሯ ላይ የተሰቀሉት የተማሪ ዩኒፎርሞች ናቸው። ጀሞ የልጅ አገር ነው፤ ትምህርት ቤት ሲለቀቅ አስፋልቱ ቀለም ይለብሳል። አንዲት እናት መጥታ የልጇን ሱሪ ስትለካ ቆይታ፣ "ጠርዙን እዚሁ ትመቺዋለሽ?" አለቻት። አስካለ "ነገ አስመትቼ እሰጥሻለሁ" አለች። ሴትየዋ ሱሪውን አጥፋ ወደ ሌላ ሰፊ ይዛ ሄደች።

ቤታቸው ውሃ የሚመጣው አልፎ አልፎ ነው፤ በመጣ ቀን ያለ የሌለ ዕቃ ይሞላል። እኛ ምንጭ እንወርዳለን፣ እነሱ ቧንቧ ይጠብቃሉ። የትኛው እንደሚሻል አላውቅም፤ ምንጩ ቢያንስ ቀጠሮ አያፈርስም። ለኔ መታጠቢያ አንድ ጀሪካን ለይተው አስቀምጠውልኝ ነበር፤ ከሶላት በፊት ለምታጠበው ዉዱእ እንደሚያስፈልገኝ ማን እንደነገራቸው እንጃ።

ማታ መሳቢያውን ከፈትን። የድንጋይዋ ጠርዝ ደብዘዝ ብሏል።

ቅዳሜ

ጠዋት ሜሮን ጮኸች። ድንጋይዋ እንደ ተቀቀለ እንቁላል ነጭ ሆናለች። ትናንት ፊደል ታስነብብ የነበረችው ዛሬ ጭጋግ ነው።

"ይሄ መሃል መንገድ ነው" አልኳቸው። "ሲደርቅ መጀመሪያ ይነጣል፤ ከዚያ ነው የሚገለጠው።" ለመቶ ሰው የነገርኩት እውነት ነው። ግን የሌላ ሰው ድንጋይ ሲሆን የራስህ አፍ እንኳ አያሳምንህም።

ወርቅ ሠሪው አቶ ለማ ከሰዓት መጣ። ወፍራም፣ ሳቂታ፣ ጣቱ በአሲድ የጠቆረ ሰው ነው። ደረጃውን ወጥቶ ትንፋሹ እስኪመለስ ተቀመጠ። ድንጋይዋን ሲያይ ሳቁ ቆመ።

"ምን አደረጋችኋት? ቶፓዝ ብዬ ያየኋት እንደ ብርሌ የጠራች ነበረች! አሁን አይብ ሆናለች።"

"ኦፓል ናት፤ እየደረቀች ነው" አልኩ።

"ወንድሜ፣ አንተ ብለህ እንደሆነ ልመን። ግን ማሽኑ የሚስቴ ነው። ይህን ይዤ ብገባ እኔንም ማሽኑንም አንድ ላይ ታወጣናለች።" ወደ አስካለ ዞረ። "ይቅርታ እህቴ። ቃሌ ለዚያችኛዋ ነበር።"

ልክ ነው። እኔም ብሆን አልቀበላትም ነበር። ሻይ ጠጥቶ ተሰናብቶ ሄደ፤ በመስኮት ወደ ታች ስናየው ባጃጅ ይዞ መጥቶ ኖሯል። ማሽኑን ጭኖ ሊያስረክብ ነበር።

አስካለ መስኮቱ ላይ ቆየች። ከዚያ ድንጋይዋን በጨርቁ ጠቅልላ ፊቴ አስቀመጠችው።

"ጋሽ ይማም፣ ይውሰዷት። የመኪና ወጪዎን እንኳ ብትሸፍን። ዘመዶቹ ጠርሙስ ነው ሲሉኝ ብስማማ ኖሮ ይህን ያህል አልደከምም ነበር።"

እውነቱን ልናገር፤ እጄ ሄዷል። እንዲህ ያለ ሻጭና እንዲህ ያለ ቀን ነጋዴ በሕልሙ ነው የሚያያቸው። ጌታሁን ሞራጅ ነበር። ባዶ ድንጋይ ውሃ ውስጥ አስቀምጦ አሳይሻለሁ የሚል ሰው አልነበረም። ይህን እኔ አውቃለሁ፤ እሷ አታውቅም።

"ቅዳሜ አልገዛም" አልኩ።

"ለምን?"

"አኩራፊ ሰው ሲሸጥልኝ ዕቃው ኋላ ላይ ጭቅጭቅ ይወልድብኛል። ሰኞ ጠይቂኝ።"

"ሰኞማ እርስዎ አይኖሩም።"

"ከኖርኩ ምን ታበዪኛለሽ?"

"ቆጮ!" አለች ሜሮን ከጓዳ።

እሑድ

አስካለ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ነጠላዋን ሳታወልቅ መሳቢያውን ከፈተች። እኔ ሆን ብዬ ሶፋው ላይ ቀረሁ። ብዙ ቆየች። "ሜሮን፣ ነይ እስቲ" አለች በቀስታ።

ከነጩ ውስጥ፣ አንድ ጥግ ላይ፣ የገብስ ፍሬ የምታክል አረንጓዴ ነበረች። ድንጋይዋን ስታዘነብላት ጠፋች፤ ስትመልሳት መጣች።

"ጋሼ፣ ይሄ ምንድን ነው?"

"ዝጉት" አልኩ። "ገና ናት።" ግን ሳላውቀው ከሶፋው ተነሥቼ ነበር።

ሰኞ

አስካለ ሱቋን ሳትከፍት ቀረች፤ ሜሮን ከቢሮ ፈቃድ ወሰደች። መስኮቱ ላይ ጨርቁን ፈታነው። ነጩ ወጥቷል። ድንጋይዋ የማር ቀለም ያላት ሆና ውስጧ አረንጓዴው ዳር እስከ ዳር ተዘርግቷል፤ ስታዞራት በአረንጓዴው ላይ ቀይ ብልጭ እያለ ይሮጣል። በስልክ መብራት ከኋላ አየኋት። ስንጥቅ የለም። ከላይም ከጎንም ቀለሙ አይጠፋም። ምላሴ ላይ አደረግኳት፤ ሳበችኝ።

"እንግዲህ ሰኞ ነው" አለች አስካለ። "ይግዙኝ።"

ዋጋ ጠራሁ። ደህና ዋጋ ነበር።

ፈገግ አለች። "ከጌታሁን ጋር በድሮው ቤታችን፣ እዚሁ ሶፋ ላይ ስትደራደሩ ሻይ የማቀርበው እኔ ነበርኩ። መጀመሪያ የሚጠሩት ሁልጊዜ ግማሹን ነው።"

"ያ ድሮ ነው። አሁን ገበያው ቀዝቅዟል።"

"እሱንም ሁልጊዜ ይሉ ነበር።"

"ቀዩ ትንሽ ነው፤ አረንጓዴ በዝቶባታል" አልኩ። ድንጋይዋን ወስዳ ትንሽ ወደ ፀሐዩ አዞረቻት፤ ቀዩ ፊቴ ላይ ነደደ። ሌላ ዋጋ ጠራሁ። ጨርቁን ማጠፍ ጀመረች። ሜሮን ግድግዳውን ተደግፋ እንደ ኳስ ጨዋታ ታየናለች። ደሴ ላይ ስንቱን ነጋዴ አስለቅሼ የሸኘሁ ሰው፣ ሰኞ ጠዋት ጀሞ አንድ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ አዲስ ኦቨርሎክ ገዝቶ የሚተርፍ፣ ለኮንቴይነሯም ትልቅ ቦታ የሚከራይ ዋጋ ላይ ስስማማ ራሴን አገኘሁት። አሁንም አተርፍባታለሁ፤ ግን እንደ ነጋዴ እንጂ እንደ ሌባ አይደለም።

ገንዘቡን በስልኬ ለሜሮን አስተላለፍኩ። ድንጋይዋን ላነሣ ስል አስካለ እጇን ጨርቁ ላይ አደረገች።

"እስከ ነገ ትቆይ።"

"ገዝቼያታለሁ እኮ።"

"አውቃለሁ። ነገ ይውሰዷት።"

ማክሰኞ

ገና ሳይነጋ ሻንጣዬን ይዤ ስወጣ አስካለ መስኮቱ አጠገብ ነበረች። መብራት አላበራችም። ድንጋይዋ መዳፏ ላይ ናት፤ ሰማዩ ከለቡ ወዲያ ሲቀላ እሷም አብራ ትለዋወጣለች። ከየትኛው ሰዓት ጀምሮ እዚያ እንደቆመች አልጠየቅኩም።

"ይህን ሁሉ ዓመት አጠጣኋት" አለች። "አላየኋትም ነበር።"

ሻንጣዬን መሬት አስቀምጬ ጠበቅኩ።

ጨርቁን አንዴ፣ ሁለቴ አጥፋ እጄ ላይ አስቀመጠችልኝ።

"ጌታሁን አሳየኝ። አሁን ይውሰዷት" አለችና የሱቋን ቁልፍ ከሚስማሩ አንሥታ ከፊቴ ደረጃውን ወረደች።